ኮባ በዕቃ ወይስ በመሬት?

ክረምቱ ከመግባቱ በፊት በግንቦት ወር ስብሰባችን ላይ የአትክልት ኮሚቴው ያቀረበው ንግግር



ዛሬ የምናቀርበው ነገር ባለፈው ስብሰባ ተነሥቶ ሳይቋጭ ያደረው ጥያቄ ነው። ክረምቱ ሳይገባ ችግኝ እንትከል ተባለና ክርክሩ ሞቀ። አንዳንዶቻችን “ሙዝ ይሁን፣ ልጆቹም ይበሉታል” አልን። ሌሎቻችን “ሙዙን ገዝተን እንበላለን፣ የቸገረን የዳቦ ኮባ ነው” አልን። ከፒያሳ ተነሥተው ወደ ከተማው ዳር የሄዱት እህቶቻችን ደግሞ አንድ ቃል ብቻ ጠየቁ፤ “የት ላይ?” አሉ። ከሦስቱም ከባዱ ይኸኛው ነው። ኮሚቴው ወሩን ሙሉ ሲመካከር የከረመውም በዚሁ ላይ ነው። ሐሳባችንን በተራ እናቅርብና በመጨረሻ አብረን እንወስናለን።

መጀመሪያ ኮባ ለምን እንዳስቸገረን እናስታውስ። ከመሐላችን ድፎ ዳቦ እየጋገሩ ቤታቸውን የሚያስተዳድሩ ብዙዎች ናቸው። ለእንቁጣጣሽ፣ ለመስቀል፣ ለገና፣ ለፋሲካ፣ ለማኅበርና ለሠርግ ትእዛዝ ይመጣል። ድፎ ከታች ኮባ ይነጠፍለታል፣ ከላይ ኮባ ይለብሳል። ቅጠሉ ሊጡን ከብረቱ ያድነዋል፣ እንፋሎቱን ይይዝለታል፣ ሽታውን ይሰጠዋል። በመጋገሪያ ወረቀት የሚጋግሩ አሉ፤ ዳቦው ይበስላል፣ አይካድም። ነገር ግን ድፎ ያዘዘ ሰው ገና ከደጅ የሚያውቀው በኮባው ሽታ ነው። ኮባ የሌለው ዳቦ እንደ ሌላው ዳቦ ሁሉ ዳቦ ነው፤ እንደ ሌላው ዳቦ ሁሉም ይከፈልበታል።

ድሮ ኮባ ሲያልቅብን አትክልት ተራ በእግራችን ወርደን ተሸክመን እንመለስ ነበር። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት አትክልት ተራ ከፒያሳ ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ፤ ከዚያም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሄደ። ከዚያ ወዲህ ኮባ ለማምጣት ትራንስፖርት ይከፈላል፣ ግማሽ ቀን ይሄዳል። በበዓል ዋዜማ ደግሞ ዋጋው የሚሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ለኮሪደር ልማት ሲነሡ ከአባሎቻችን ብዙዎቹ ወደ ተለያየ አቅጣጫ ተበተኑ። በአንድ ግቢ ሆነው ሊጥ የሚያቦኩት፣ ምጣድና ኮባ የሚዋዋሱት እህትማማቾች ዛሬ ለመገናኘት ታክሲ ሁለት ሦስቴ ይይዛሉ።

አራዳ ገበያ ሲሄድበት ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የከተማው ትልቁ ገበያ እዚሁ በቅዱስ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ስፍራ ያዞሩት ጣሊያኖች ናቸው። ገበያው ሄደ፣ አራዳ ግን አራዳነቱን አልተወም። ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር አለ፤ ገበያ ይሄዳል፣ ይመጣል። ለእንጀራችን በየቀኑ የሚያስፈልገንን አንድ ነገር ከገበያ ላይ ሳይሆን ከጓሯችን ማግኘት ከቻልን የገበያው መሄድ ያን ያህል አይጎዳንም። ኮባን ያነሣነው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ሙዝና እንሰት እንምጣ። ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸው፤ ሲያዩአቸውም ይመሳሰላሉ። የሁለቱም ግንድ እውነተኛ ግንድ አይደለም፤ የቅጠሉ እግር ተደራርቦና ተጠቅልሎ የቆመ ነው። የሚወዱት አገር ግን ለየብቻ ነው።

ሙዝ ቆላ ይወዳል። አዲስ አበባ የምንበላው ሙዝ አብዛኛው የሚመጣው ከአርባ ምንጭ አካባቢ ነው፤ ያ አገር ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ነው። እኛ ያለንበት 2,400 ሜትር ገደማ ነው። ሙዝ ሙቀቱ ከ16 ዲግሪ ሲወርድ እድገቱ ይጎተታል፣ ወደ 14 ሲቀርብ ቆመ ማለት ይቻላል። የአዲስ አበባ የዓመቱ አማካይ ሙቀት ራሱ 16 ዲግሪ ገደማ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ስለዚህ ሙዝ እዚህ ቢተከል አይሞትም፣ ቅጠሉም ያምራል፤ በቆላ ከዓመት እስከ ዓመት ተኩል ባለው ጊዜ የሚደርሰው ፍሬ ግን እዚህ ዓመታት ሊያስጠብቅ፣ ከዘለላውም በኋላ ሳይሞላ ሊቀር ይችላል። “ልጆቹ ይበሉታል” ያላችሁ እናቶች፣ ልጆቹ አድገው ለልጆቻቸው እንዳይደርስ እንፈራለን።

ሙዝ በብርድ አገር አይሆንም ማለታችን ግን አይደለም። ዛሬ በጎዳና ላይ ኪሎ እየተባለ የሚሸጥልን ካቨንዲሽ የሚባለው የሙዝ ዓይነት ስሙን ያገኘው ከአንድ የእንግሊዝ መኳንንት ቤተሰብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ በእንግሊዝ አገር ቻትስዎርዝ በተባለው ግቢያቸው ውስጥ አትክልተኛቸው ጆሴፍ ፓክስተን በመስታወት ቤት ውስጥ እያሞቀ አሳድጎ ፍሬ እንዲያፈራ አድርጎታል። በብርድ አገር ሙዝ ማፍራት ይቻላል፤ የመስታወት ቤትና ሌት ተቀን የሚነድድ ምድጃ ያለው ሰው ይችላል። እኛ ያለን ምድጃ ግን ለዳቦው ነው።

እንሰት የዚህ ተቃራኒ ነው። እንሰትን ለምግብ ብሎ ያለማደው የኢትዮጵያ ገበሬ ነው። ከ1,500 ሜትር ገደማ ጀምሮ እስከ 3,000 ሜትር ድረስ ይበቅላል፤ የአራዳ ከፍታ ለእሱ መሐል ቤት ነው። በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ከእሱ ይኖራል። ከጉራጌ የመጡት እናቶቻችን እንሰት ሲባሉ ቆጮና ቡላ፣ አሚቾና ቃጫ ይታያቸዋል። ከጎጃምና ከጎንደር የመጡት ደግሞ ያንኑ ተክል ኮባ ይሉታል፤ የሚፈልጉትም ቅጠሉን ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከ250 ዓመት በፊት ወደ ጎንደር በመጣ ጊዜ እንሰትን አይቶ በመጽሐፉ ውስጥ ከነሥዕሉ አስፍሮታል። ስለዚህ ባለፈው ስብሰባ አንዳችን “እንሰት”፣ አንዳችን “ኮባ” እያልን ስንከራከር የነበረው በአንድ ተክል ላይ ነው።

በዕዳውም በኩል እናመዛዝን። ሙዝ ከሥሯ ልጅ ትወልዳለች፤ አንዷን የተከለ ሰው በሁለተኛው ዓመት ለጎረቤቱ ይሰጣል። እንሰት ግን በራሷ ልጅ አትወልድም። ገበሬው የሁለትና የሦስት ዓመቷን እንሰት ከላይ ይቆርጥና የመሐሏን ቡቃያ አውጥቶ ከመሬት በታች ያለውን ወፍራሙን ክፍል ይቀብረዋል። ከዚያ ከአንዷ እናት ከ40 እስከ 200 ችግኝ ይወጣል። ይህን ሥራ በጉራጌ ያሉ ገበሬዎች በደንብ ያውቁበታል፤ እኛ ከተማ ውስጥ የምንሞክረው አይደለም። ስለዚህ ችግኙን ከሚያውቁት ሰዎች መግዛት አለብን። የደጋፊዎቻችን እርዳታ በቅድሚያ የሚውለው ለዚህ ነው።

የኮሚቴው የመጀመሪያ ሐሳብ እንግዲህ ይህ ነው፤ ለዳቦ ቅጠል እንሰት እንትከል፤ የሙዝ ፍሬ የሚፈልግ ከአርባ ምንጭ የመጣውን ይግዛ። ሙዝ የጀመራችሁ ካላችሁ አትንቀሉት። ቅጠሉ ከኮባ ይቀጥናል፣ ቶሎም ይሰነጠቃል እንጂ ለአነስተኛ ዳቦ ይሆናል። ከእንሰቱ ግን ራቅ አድርጋችሁ ያዙት፤ ምክንያቱን ወደ በሽታው ስንደርስ እንነግራችኋለን።

ለምን አሁን? ለምን ከክረምት በፊት? በአውሮፓና በአሜሪካ ያላችሁ ደጋፊዎቻችን ይህን ጽሑፍ ስታነብቡ “ክረምት” ሲባል የሚታያችሁ በረዶ ነው። በእናንተ አገር ቅጠሉ የቀላ የእንሰት ዓይነት ለውበት ተብሎ በዕቃ ይሸጣል፤ በረዶው ሳይመጣም ወደ ቤት ይገባል። በእኛ አገር ክረምት የዝናብ ጊዜ ነው። ተክሉን የሚያስፈራው ብርድ የሚመጣው ክረምቱ ከወጣ በኋላ፣ “በጥቅምት አንድ አጥንት” በሚባልበት ወቅት ነው። ስለዚህ ክረምቱ ለእኛ ተክል ጠላት ሳይሆን ስንቅ መሰነቂያው ነው። ጳጉሜን አምስት ብለን ብንቆጥር ከሰኔ 1 እስከ መስከረም 30 ድረስ 125 ቀን አለ። በሰኔ መጀመሪያ የተተከለ ችግኝ በእነዚያ ቀናት ሥር ይሰድዳል፣ እግሩን ያወፍራል፤ ጥቅምት ሲደርስ ብርዱንም ደረቁን ነፋስም በሥሩ ይቋቋማል። በነሐሴ የተተከለ ግን አፈሩ ቀዝቅዞ፣ ውሃ ተኝቶበት ይቆይና ሥር ሳይዝ ብርዱ ይደርስበታል። ዛሬ ግንቦት ላይ የተሰበሰብነው ለዚህ ነው። ጉድጓዱ በግንቦት ይቆፈር፣ ችግኙ በሰኔ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይግባ።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ ደረስን። የት ላይ?

በመሬት ላይ የተተከለ እንሰት ይሰፋል። ቁመቱ ከቤት ጣራ ያልፋል፣ አንድ ቅጠሉ ሁለት ድፎ ያለብሳል፣ በበጋም ውሃ ቢዘገይበት ይታገሣል። ነገር ግን መሬት ይጠይቃል። ጥላው የጎረቤትን የልብስ ማስጫ ይሸፍናል። በጋራ ግቢ ውስጥ ለብቻችን ወስነን ብንተክል ኮባ ሳይሆን ጠብ ነው የምናበቅለው። ነገ ከዚያ ቤት የሚነሣ ሰውም ሦስት ሜትር የሆነ እንሰት ተሸክሞ አይሄድም።

በዕቃ የተተከለ ከባለቤቱ ጋር ይሄዳል። በአራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ይቆማል፣ በጥቅምት ብርድ ወደ ግድግዳ ይጠጋል፣ ቤት ሲቀየርም መኪና ላይ ይጫናል። ግን ሥሩ ስለሚታሰር ቅጠሉ ያንሳል። በበጋ በየሁለት ቀኑ ውሃ ይፈልጋል፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቤት ይህ ቀላል ዕዳ አይደለም። ሁለት ዓመት ሦስት ዓመት በዚያው ዕቃ ከቆየ ለዓይን ያምር ይሆናል እንጂ ድፎ አያለብስም።

ባለፈው ስብሰባ ክርክሩ የጠነከረው ሁለቱን እንደ ባላንጣ ስላቆምናቸው ነው። ከጉራጌ የመጡት እናቶቻችን ግን ሲመክሩን አንድ ነገር ነገሩን፤ ክርክሩን የፈታልንም እሱ ነው። እንሰት አንድ ጊዜ ተተክሎ እዚያው የሚያረጅ ተክል አይደለም። ገበሬው ችግኙን መጀመሪያ አቀራርቦ ይተክለዋል። ዓመት ሲሞላው ይነቅለውና ሥሩንና ቅጠሉን ከርክሞ አራርቆ ይተክለዋል። ከዚያም ሲወፍር እንደገና ነቅሎ ወደ መጨረሻው ቦታው ይወስደዋል። በየደረጃው ስም አለው። መነቀሉ አይገድለውም፤ እንዲያውም እየተነቀለ እየተተከለ ነው የሚጠነክረው። እኛ “ዕቃ ወይስ መሬት” ብለን የተከራከርንበት ነገር ለእንሰቱ ምርጫ ሳይሆን ቅደም ተከተል ነው፤ ጠባብ ቦታ ይጀምራል፣ ሰፊ ቦታ ይጨርሳል።

ስለዚህ የኮሚቴው ሁለተኛ ሐሳብ ይህ ነው። ቋሚ ቦታ ያላት፣ ጎረቤቶቿም የተስማሙላት እህት በዚህ ሰኔ በመሬት ትትከል። ቦታዋ ያልተረጋገጠላት፣ ወይም በፎቅ ላይ ያለች እህት በዕቃ ትጀምር። ሆኖም በዕቃ የተጀመረ ተክል ከሁለት ክረምት በላይ በዕቃ አይቆይ። በሦስተኛው ክረምት መሬት መግባት አለበት። ያን መሬት ማግኘት የእህታችን ብቻ ሳይሆን የማኅበሩ ሥራ ይሁን።

ይህን የምንለው በቀላሉ ይገኛል ብለን አይደለም። ዕቃ ጥሩ ነገር ነው፣ ግን የሚያዘናጋም ነገር ነው። “ለጊዜው ነው” እየተባለ የሚኖር ሰው ለጊዜው የሚሆን ነገር ብቻ ይይዛል። ከመሐላችን ዕቃቸውን ከካርቶን ሳያወጡ ሁለተኛ ዓመት የያዙ አሉ። ይህ ሰፈር የተመሠረተበትን ታሪክ አስታውሱ። እቴጌ ጣይቱ አዲስ አበባን በ1879 ዓ.ም. ሲቆረቁሩ ከተማዋ ለዘላለም እንደምትቆይ ማንም ዋስትና አልሰጣቸውም። ብዙም ሳይቆይ እንጨቱ አለቀና ዋና ከተማው ወደ አዲስ ዓለም ይዛወር ተብሎ እዚያ ቤተ መንግሥት መሠራት ጀምሮ ነበር። ባሕር ዛፍ ተተከለ፣ የማገዶው ችግር ቀለለ፣ አዲስ አበባም ባለችበት ቀረች። ሰው የሚተክለው ስለሚቆይ ነው ይባላል፤ በዚህች ከተማ ግን ስለተከለ ቆየ።

ስለዚህ ለመሬቱ ሦስት በሮች እናንኳኳለን። አንደኛው፣ አሁንም አራዳ ውስጥ ያሉት አባሎቻችን የሚኖሩባቸው የጋራ ግቢዎች ናቸው። ሁለተኛው፣ ኮንዶሚኒየም የገቡት እህቶቻችን የሚኖሩባቸው ሕንፃዎች መሐል ያለው የጋራ ቦታ ነው፤ በዚያ ላይ የነዋሪዎቹን ኮሚቴ ማነጋገር ያስፈልጋል። ሦስተኛው፣ ትርፍ ጓሮ ያላቸው ትምህርት ቤቶችና ቤተ ክርስቲያናት ናቸው፤ ቅጠሉን ለበዓላቸው ዳቦ በነፃ እየሰጠን ቦታቸውን እንድንጠቀም መጠየቅ እንችላለን። በሦስቱም ቦታ ስምምነቱ በወረቀት ይሁን፤ ማን እንደሚያጠጣ፣ ማን እንደሚቆርጥ፣ ቦታው ቢፈለግ ከስንት ጊዜ በፊት እንደሚነገረን ይጻፍበት። ለደጋፊዎቻችንም የምንለው ይህ ነው፤ ባልዲና ችግኝ ስትገዙልን እናመሰግናለን፤ ግን ቦታ ለማግኘትና ለማጠር ብታግዙን የበለጠ ረጅም ዕድሜ ያለው እርዳታ ነው።

አሁን አተካከሉን በአጭሩ እንናገር።

በመሬት ለምትተክሉ፤ ጉድጓዱ በየአቅጣጫው 60 ሳንቲ ሜትር ይሁን። የወጣውን የላይኛውን አፈር ለብቻ አድርጉት፤ በደንብ ከበሰበሰ ፍግ ጋር ቀላቅላችሁ መልሱበት። ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል። ቦታው ከጣራ አሸንዳ በታች አይሁን፤ የሐምሌ ዝናብ ከቆርቆሮ ወርዶ ችግኙን ያሰጥመዋል። መሬቱ ዋልካ ከሆነ ከመሬቱ ከፍ አድርጋችሁ ጉብታ ላይ ትከሉት። ነፋስ የማይበረታበት፣ ግድግዳ ወይም አጥር የሚከልለው ቦታ ምረጡ፤ በነፋስ የተሰነጠቀ ቅጠል ዳቦ አያለብስም። ከቤቱ ግድግዳ አንድ ሜትር ተኩል፣ ከተክል ተክል ሁለት ሜትር ይራቅ።

በዕቃ ለምትተክሉ፤ ዕቃው የፈለገው ይሁን፤ የአበባ ማሰሮ፣ የቀለም ባልዲ፣ የተቆረጠ ትልቅ ጀሪካን ወይም ጠንካራ ጆንያ ይሆናል። ጥልቀቱም ስፋቱም ከ40 ሳንቲ ሜትር አይነስ። ከታች አራት አምስት ቦታ ብሱት። ቀዳዳው በአፈር እንዳይደፈን ጠጠር ወይም የተሰበረ ሸክላ አንጥፉበት። አፈሩ ሁለት እጅ የላይኛው አፈር፣ አንድ እጅ የበሰበሰ ፍግ፣ አንድ እጅ አሸዋ ቢሆን ውሃ አይቋጥርም። ዕቃውን በሁለት ድንጋይ ላይ አስቀምጡት፤ ከሥሩ ሳህን አታድርጉ። በክረምት ዕቃ ውስጥ ያለ ተክል የሚሞተው በውሃ ጥም ሳይሆን በውሃ ብዛት ነው። የቀለም ባልዲ ከሆነ መጀመሪያ በደንብ ይታጠብ።

ችግኙን ስትተክሉ ከነበረበት ጥልቀት በላይ አትቅበሩት፤ የመሐሉ ቡቃያ አፈር ከገባበት ይበሰብሳል። ከቅጠሎቹ የውጭዎቹን ከርክሙለት፤ ሥር እስኪይዝ ብዙ ቅጠል መሸከም አይችልም። በረዶ ሲጥል ያገኘው ቅጠል ቢቦጫጨቅ አትደንግጡ፤ መሐሉ ደህና ከሆነ አዲስ ያወጣል።

ከጥቅምት ጀምሮ ውሃ የሚጠጣው ጠዋት ነው፤ ማታ የጠጣ ዕቃ ሌሊቱን ሙሉ ይቀዘቅዛል። ሥሩን በገለባ ወይም በደረቅ ቅጠል አልብሱት። የአትክልትና የእህል እጣቢ ይሆነዋል፤ ሳሙና ያለበት ውሃ ግን አይጠጣ። የቡና ዝቃጭ በፍጉ ላይ ቢደባለቅ ጥሩ ነው።

ቅጠል አቆራረጥ ላይ ሁላችንም አንድ ሕግ እንያዝ። በመጀመሪያው ዓመት አንድም ቅጠል ለዳቦ አይቆረጥ። ከዚያም በኋላ ለአንድ በዓል ከአንድ ተክል ከሁለት ቅጠል በላይ አይወሰድ፤ የሚወሰደውም ከውጭ ያለው ነው፣ የመሐሉ አይነካም። ተክሉ የሚኖረው በቅጠሉ ነው። ለአንድ እንቁጣጣሽ ብለን ራቁቱን ብናስቀረው ለገና አይደርስልንም።

አሁን ቃል የገባንላችሁ ስለ በሽታው። እንሰትንና ሙዝን አብሮ የሚያጠቃ፣ በባክቴሪያ የሚመጣ አጠውላጊ በሽታ አለ። እ.ኤ.አ. በ1968 በኢትዮጵያ በእንሰት ላይ መኖሩ በጥናት ተጽፎ ታወቀ፤ በ1974 ደግሞ እዚሁ አገር በሙዝ ላይ ታየ፤ በ2001 ኡጋንዳ ገብቶ ብዙ የሙዝ እርሻ አጥፍቷል። ምልክቱ ከመሐል ያለው ቅጠል ቢጫ ሆኖ መታጠፉና መጠውለጉ ነው። ግንዱ ሲቆረጥ ነጣ ቢጫ ያለ ዝልግልግ ፈሳሽ ይወጣዋል። መድኃኒት የለውም። ከተክል ወደ ተክል የሚያዛምተው ደግሞ ከሁሉ በላይ የእኛው ቢላዋ ነው። ስለዚህ ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ስትሄዱ ቢላዋውን በእሳት ለብልቡት። የታመመ ካገኛችሁ ነቅላችሁ ራቅ አድርጋችሁ ቅበሩት፤ ለጎረቤት አትስጡት፣ ቅጠሉንም አትሽጡት። ችግኝ ስንገዛም ከአንድ ቦታ፣ አይተን፣ ጠይቀን እንግዛ። በየበኩላችን ከየገበያው ካሰባሰብን አንዱ የታመመ ሁሉንም ይጨርሳል።

የመጨረሻው ነገር የመከፋፈል ነው። ኮሚቴው የሚያቀርበው እያንዳንዷ አባል ሁለት ተክል እንድትይዝ ነው፤ አንዱ ለራሷ፣ አንዱ ለማኅበሩ። የማኅበሩ ድርሻ ቅጠል በበዓል ሳምንት ተሰብስቦ የዳቦ ትእዛዝ ላላቸው እህቶች ይከፋፈላል። ርቀው የሄዱት አባሎቻችን በስብሰባ ቀን ቅጠላቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ እዚህ ያለነው የትእዛዙን ሥራ እንዲካፈሉ እንጠብቃቸዋለን። ይህን ስናስብ ኮባ ብቻ አይደለም የታየን። ለስብሰባ ብቻ ና የተባለ ሰው ታክሲው ሲበዛበት ይቀራል። እጁ ላይ የሰው ድርሻ ያለ ሰው ግን ይመጣል።

ደጋፊዎቻችን የሚጠይቁትን እናውቃለን፤ “ስንት ብር ያስገባል? መቼ?” ይላሉ። በመጀመሪያው ዓመት ምንም አያስገባም። ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ለኮባና ለትራንስፖርት የምናወጣውን ቀስ በቀስ ይቀንሳል። ከአራት ከአምስት ዓመት በኋላ የደረሰው ተክል ቆጮም ሊሆን ይችላል፤ የጉራጌ እናቶቻችን ሥራውን ሊያስተምሩን ከአሁኑ ፈቅደዋል። ከዚህ በላይ ቃል አንገባም። ሒሳቡን ግን በየሦስት ወሩ በዚሁ በመጽሔታችን ላይ እናወጣለን፤ ስንት ተተከለ፣ ስንት ሞተ፣ ስንት መሬት ገባ የሚለውን ሁሉ ታነብቡታላችሁ።

እናቶቻችንና እህቶቻችን፣ መዝገቡ ከበሩ አጠገብ ነው። ከመውጣታችሁ በፊት ስማችሁን አስመዝግቡ። በዕቃ የምትጀምሩ “ዕቃ”፣ በመሬት የምትተክሉ “መሬት” በሉን። “ዕቃ” ያላችሁን ከሁለት ክረምት በኋላ በሦስተኛው ግንቦት ላይ “መሬቱ የት ደረሰ?” ብለን እንጠይቃችኋለን፤ እናንተም እኛን ትጠይቁናላችሁ። በግቢያችሁ ትርፍ ቦታ ያላችሁ፣ ወይም ቦታ ያለው ሰው የምታውቁ፣ ለኮሚቴው ንገሩን። ችግኙ ሰኔ ከመግባቱ በፊት እንዲደርስ ትእዛዙን በዚህ ሳምንት እንልካለን።

ክረምቱን የሰላም፣ የልምላሜ ያድርግልን።